ከቁጠባ የተወለደ ድምፅ፤ የዋዋ ፔዳል ታሪክና የክበባችን ምርጫ

ባለፈው ሰሞን ከሙዚቃ ክበባችን ክፍል የተነሣው ክርክር ካፍቴሪያ ድረስ ተከትሎን እንደ ሄደ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ላልሰማም እንንገር። አሥራ አራት ሆነን ከምሳና ከሻይ እየቀነስን ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። በዚህች ገንዘብ ለሊድ ጊታራችን አንድ የዋዋ ፔዳል እንግዛ ወይስ ይቅር? እንግዛ ከተባለስ ስሙ የገነነውን ነው ወይስ ርካሹን? ገሚሶቻችን «ርካሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል» አልን። ገሚሶቻችን «ለስም ብለን አንከፍልም» አልን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ይባስ ብሎ «ለመሆኑ ይሄ የፈረንጅ መጫወቻ ለእኛ ምናችን ነው? በዚሁ ገንዘብ የክራሩ ክር ቢቀየር አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀና ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

ክርክሩ የጦፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። አምና ተቃጥለናል። ከአንድ ሱቅ አዲስ ነው የተባለ ርካሽ ዋዋ ገዝተን ነበር። ሦስት ወር አልሞላውም፤ በተረገጠ ቁጥር መጥበሻ ላይ እንዳለ ሽንኩርት ይንጣጣ ጀመር። በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ጊታር ተጫዋቻችን ሶሎውን ሊጀምር እግሩን ሲያሳርፍ ድምፁ ጭራሽ ድርግም አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ የክበቡን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እንግዲህ ጉዳዩ የፔዳል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክበቡ ከመካከላችን ሦስታችንን «እስቲ ነገሩን ከሥሩ አጥንታችሁ ኑ» ብሎ መደበን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ውጤት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩

ከስሙ እንጀምር። ስሙ «የዋህ» ከሚለው ቃላችን ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም፤ ድምፁን ራሱን መስሎ የወጣ ስም ነው። ደግሞም ከፔዳሉ ይቀድማል። በ1920ዎቹ በዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ነፊው በበር ማይሊና ትሮምቦን ነፊው ጆ ናንተን የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ የሆነችውን የጎማ ቆብ በመሣሪያቸው አፍ ላይ እየገጠሙና እየከፈቱ፣ ናሱ እንደ ሰው እንዲያወራ፣ እንዲያለቅስ፣ እንዲያሾፍ ያደርጉት ነበር። በ1931 ደግሞ ክላይድ ማኮይ የተባለው አሜሪካዊ ትራምፔት ነፊ «ሹገር ብሉስ» የተባለውን ዜማ በዚሁ ዓይነት አጨዋወት አስቀርጾ ስሙ ገነነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመጀመሪያው የተፈለገው መሣሪያን ማናገር ነው። ለዚህም የወጣው ወጪ የአንዲት ጎማ ዋጋ ነበር።

፪

በ1960ዎቹ መካከል ቮክስ የተባለው የእንግሊዝ አምፕሊፋየር ቢትልሶች ስለ ተጫወቱበት ዝናው ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር። በአሜሪካ ያከፋፍለው የነበረው በካሊፎርኒያ ይገኝ የነበረው ቶማስ ኦርጋን የተባለው ኩባንያ ነው። በአምፕሊፋየሩ ላይ መካከለኛውን የድምፅ ወገን የሚያጎላ ባለ ሦስት ደረጃ ማዞሪያ ነበር። ጥሩ ማዞሪያ ነበረች፤ ግን ውድ። ስለዚህ በ1966 የኩባንያው ዋና ኢንጂነር ስታን ከትለር፣ ብራድ ፕለንኬት ለተባለ ወጣት ኢንጂነር ማዞሪያዋን በርካሽ ነገር እንዲተካት ሥራ ሰጠው። በቃ፣ ትእዛዙ ይኸው ነው። አዲስ ድምፅ ፍጠር ያለው የለም። ሳንቲም አድን ነው የተባለው።

ፕለንኬት በውዷ ማዞሪያ ፈንታ፣ በሬዲዮ ላይ ቮልዩም የምንለውን ዓይነት ተራ ፖቴንሺዮሜትር አስገብቶ ዙሪያውን በትራንዚስተር ሠራው። ታዲያ በሦስት ደረጃ እየዘለለ ይሄድ የነበረው ለውጥ አሁን ሳይቋረጥ የሚንሸራተት ሆነ። ድምፅ ማጉያ ተገጥሞለት ሲዞር በአካባቢው የነበሩት ሰዎች ጆሯቸውን አቀኑ። ማዞሪያው እጅ የሚፈልግ ስለሆነና የሙዚቀኛ ሁለት እጅ ሥራ ስለማይፈታ፣ ሥራውን ወደ እግር አወረዱት። አዲስ ሣጥን እንኳ አልሠሩለትም፤ ቮክስ ኮንቲኔንታል የተባለው ኦርጋን የድምፅ መቀነሻና መጨመሪያ ፔዳል ነበረው፤ የዚያን ቅርፊት ወስደው ውስጡን ቀየሩት።

ነገሩ ለማን ይሸጥ በሚለው ላይ የኩባንያው ሰዎች አንድ ልብ አልነበሩም። ኃላፊው ጆ ባናሮን የነፋስ መሣሪያ ነፊዎችን ያስብ ነበር፤ ቢል ፔጅ የተባለ ሳክስፎን ነፊም ሞክሮታል። ዴል ካሸር የተባለው ጊታር ተጫዋች ግን ቦታው ጊታር እንደሆነ ተናገረ፤ በ1967 መጀመሪያም ለገዢዎች ማስተዋወቂያ የሆነውን ሸክላ የተጫወተው እርሱ ነው። ቢሆንም ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ፔዳሎች በክላይድ ማኮይ ስም አወጣቸው፤ ሥዕሉም ከሥር ተለጥፎባቸው ነበር። ትራምፔት ነፊው በጊታር ፔዳል ሆድ ላይ!

የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው የካቲት 24 ቀን 1967 ነው፤ የተሰጠው መስከረም 22 ቀን 1970፣ ቁጥሩ 3,530,224። በላዩ የሰፈሩት ስሞች ብራድሊ ፕለንኬትና ሌስተር ከሽነር ናቸው።

፫

ሣጥኑን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ንዴት ነው። «ይሄን ያህል የከፈልነው ለዚህች ነው?» ያሰኛል። ሁለት ትራንዚስተር፣ አንዲት የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር፣ አንዲት በእግር የምትረገጥ ማብሪያ፣ አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ፤ ሌላ የለም። የሽቦው ጥቅልና ካፓሲተሩ ተባብረው ከጊታሩ ድምፅ አንዱን ወገን ብቻ መርጠው ያጎላሉ፤ የቀረውን ያፍኑታል። እግር ፔዳሉን ሲጫን ጥርሳም ዘንግ ወርዶ ፖቴንሺዮሜትሩን ያዞረዋል፤ የሚጎላውም ወገን ከ400 ኸርዝ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2000 ኸርዝ አካባቢ ይወጣል።

ይህን ለመረዳት ፊዚክስ ክፍል መግባት አያስፈልግም፤ የኔታ ያስቆጠሩን ፊደል ይበቃል። አንድ ሰው የድምፁን ከፍታ ሳይለውጥ ካዕቡን «ኡ» ብሎ ይጀምር፤ ሳያቋርጥ ራብዑን «አ» ብሎ ይጨርስ። ምን ወጣው? «ዋ!» ጉሮሮው ያው ነው፤ የተለወጠው የአፉ ቅርጽ ነው። ፔዳሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ክሩ ጉሮሮ ነው፤ ፔዳሉ አፍ ነው። ተረከዝ ሲጫን ካዕብ፣ ጣት ሲጫን ራብዕ። ጊታር ለዘመናት ጉሮሮ ብቻ ነበረው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ አፍ ያወጣው በ1966 ነው።

፬

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በግንቦት 1967 ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ኒውዮርክ ሄዶ ሲቀርጽ፣ ኤሪክ ክላፕተን «ቴልስ ኦፍ ብሬቭ ዩሊሲስ» በተባለው ዘፈን ላይ ዋዋ ተጫወተ። በሐምሌ ደግሞ በዚያው ከተማ ጂሚ ሄንድሪክስ «በርኒንግ ኦፍ ዘ ሚድናይት ላምፕ»ን ቀረጸ። በ1968 «ቩዱ ቻይልድ» ሲወጣ ፔዳሉ ተጨማሪ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የዘፈኑ መግቢያ በር ሆነ፤ ጊታሩ ቃል ከመውጣቱ በፊት መናገር ይጀምራል።

ሌላው መንገድ የተከፈተው በሜምፊስ ነው። በ1971 አይዛክ ሄይስ ለ«ሻፍት» ፊልም በሠራው ሙዚቃ ላይ ቻርልስ ፒትስ ክሩን በግራ እጁ አፍኖ፣ በቀኙ እየፋቀ፣ በእግሩ ፔዳሉን እያወዛወዘ ጊታሩን ከበሮ አደረገው። ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፤ ምት ነው። ዘፈኑ በ1972 ኦስካር ሲሸለም ሄይስ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ተሸላሚ ሆነ። በዲትሮይትም ሜልቪን ሬጊን የተባለው ጊታሪስት ፔዳሉን ከመልመዱ የተነሣ «ዋዋ ዋትሰን» የሚል ስም ወጣለት። በነዚያው ዓመታት ማይልስ ዴቪስ ትራምፔቱን በኤሌክትሪክ አገናኝቶ በዋዋ ፔዳል ነፋው። ክቡ ተዘጋ ማለት ነው። ከጎማ ቆብ የተነሣው ድምፅ በጊታር በኩል ዞሮ ዞሮ ወደ ትራምፔት ተመለሰ።

፭

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ጎራ ለይተን ስንጨቃጨቅበት ለነበረው «ስሙ የገነነውን ወይስ ርካሹን» ለሚለው ጥያቄ ታሪኩ የራሱ መልስ አለው።

ፔዳሉ ብዙ ሳይቆይ ኢጣሊያ ውስጥ ይሠራ ጀመር፤ በፔስካራ የነበረው ጄን የተባለው ፋብሪካ በዚህ የታወቀ ነው። ቶማስ ኦርጋን ይህንኑ ዕቃ «ክራይ ቤቢ» በሚል ሌላ ስምም ሸጠው፤ «አልቃሻው ልጅ» እንደማለት ነው። ስሙን ግን በንግድ ምልክትነት አላስመዘገበውም። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በኢጣሊያ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በአሜሪካ እየተገለበጠ ወጣ። አንዳንዱ ቅጂ ስም የለሽ ነበር፤ አንዳንዱ ያንኑ ስም ይዞ ነበር። በ1982 ደንሎፕ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ክራይ ቤቢ»ን ወሰደ፤ ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የእርሱ ነው።

ደግሞ ሌላ ጉድ እንጨምር። የድሮ ፋብሪካዎች የሽቦውን ጥቅልም ሆነ ሌላውን ዕቃ የሚያስገቡት ያገኙትን ነበር። ስለዚህ አንድ ስምና አንድ ቀለም ያላቸው ሁለት ፔዳሎች ድምፃቸው ይለያያል። ዛሬ የፈረንጅ ሰብሳቢዎች ለአንዱ የክላይድ ማኮይ ፔዳል ከአዲስ ዕቃ ብዙ እጥፍ ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉለት ነገር ግን በዚያን ጊዜ በርካሽነቱ የተመረጠ ክፍል ነው። እንግዲህ ርካሽነት ለዋዋ ነውሩ ሳይሆን የትውልድ መንደሩ ነው። «ርካሽ ስለሆነ አይረባም» የሚለው ወገናችን በዚህ ላይ ተረትቷል። ቢሆንም «ርካሽ ሁሉ ያው ነው» የሚለውም አልረታም፤ የአምናው ጉዳችን ምስክር ነው።

፮

ከሁሉ የከበደን የጓደኛችን ጥያቄ ነው። ለእኛ ምናችን ነው?

መልሱን ከራሳችን ሸክላዎች ፈለግን። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሬከርድስን ከፍቶ፣ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተወስኖ የቆየውን ሸክላ የማሳተም መብት ሰብሮ ከገባ ጀምሮ እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። እነዚህንና የዘመናቸውን ሥራዎች ያዳመጠ ሰው ዋዋውን አያጣውም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 ባወጣው «ኢትዮ ጃዝ» በተሰኘው ሸክላ ላይ ጊታሩ በሀገራችን ቅኝት ውስጥ ሆኖ በዋዋ ያንጎራጉራል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር ተገናኝቶ ነበር። አስቡት እስቲ፤ በጎማ ቆብ ናስን ያናገረው ኦርኬስትራ መሪና በፔዳል ጊታርን ያናገረው የአዲስ አበባ ሙዚቃ በአንድ ከተማ ተያዩ።

ከ1974 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አጠበበው፤ ሸክላውም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ቆየት ብሎ ኪቦርድ መጣና የጊታሩን ቦታ ተሻማ። ዋዋም ከጆሯችን ራቀ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ በፈረንሳይ መውጣት ሲጀምር ነው ዓለም ያንን ድምፅ እንደገና ያዳመጠው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከእኛም ብዙዎቻችን የሰማነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛ እንደሚመስለን ዋዋ በቅኝታችን ውስጥ እንግዳ ሆኖ ያልቆመው ጆሯችን ቀድሞ ስለ ለመደው ነው። የማሲንቆ ተጫዋች አንዲቱን ጭራ ሲያስለቅሳት፣ ዘፋኙ አንዱን ቃል እያጠፈና እየዘረጋ በጉሮሮው ሲያመላልሰው፣ የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ መሣሪያው ይናገር፣ ድምፁ ይታጠፍ። ፈረንጁ ያመጣው ማሽኑን እንጂ ፍላጎቱን አይደለም። ስለዚህ ወንድማችን ሆይ፣ የክራሩ ክር ይቀየር ማለትህ ትክክል ነው፤ ዋዋ ምናችን ነው ማለትህ ግን በእኛ ዘንድ አልጸናም።

፯

ቀጥሎ የሞተውን ፔዳል ታቅፈን ከግቢው ጀርባ ወዳሉ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጡት።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ስትገዙት ሆዱን አይታችሁታል?»

«አላየንም።»

«ታዲያ በግ እንኳ ሲገዛ ላቱ ይዳበሳል!» ብለው ሣጥኑን ፈቱት። ያሳዩን ይኸው ነው። ቅርፊቱ ብረት መስሎ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ጥርሳሙ ዘንግ ተበልቷል። ፖቴንሺዮሜትሩ ቅርጹ ከገበያው ዕቃ ጋር የማይገጥም ሆኖ ከሰሌዳው ጋር ተበይዷል፤ ስለዚህ መለወጫ የለውም። ሲንጣጣ የነበረው እርሱ ነው። ሒሳብ ስንጠይቃቸው «ተማሪ አይደላችሁ? ሂዱ» አሉን። ያስተማሩንን ግን እኛ በጽሑፍ እንከፍላለን።

አንደኛ፣ ማንም ዋዋ ፖቴንሺዮሜትሩ ያረጃል፤ በየደቂቃው የሚረገጥ ነገር ነውና። ጥያቄው ያረጃል ወይ ሳይሆን ሲያረጅ ይለወጣል ወይ ነው። የደንሎፕ «ክራይ ቤቢ» ጂ.ሲ.ቢ. 95 እና የቮክስ ቪ 845 ከታወቁት መካከል ዋጋቸው መለስ ያለ ነው፤ ፖቴንሺዮሜትራቸው የታወቀ ዓይነት ስለሆነ መለወጫ ይገኝለታል፤ ቅርፊታቸውም ብረት ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ሞርሊና ቤሪንገር ያሉት ጭራሽ በሌላ መንገድ የሚሠሩ አሏቸው፤ እግር የሚያንቀሳቅሰው ብርሃን የሚከልል ነገር ነው፤ ብርሃኑን የሚያይ ዓይን ድምፁን ይለውጣል። ተፋቅቆ የሚያረጅ ስለሌለ አይንጣጣም። ሆኖም እርሱ ሲበላሽ ሠፈር ውስጥ ባለ ዕቃ መጠገን ይከብዳል። ሦስተኛ፣ ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ ይደበዝዛል ወይ? የድሮዎቹ ይህ ጠባይ ነበረባቸው፤ ማብሪያቸው ጠፍቶም ቢሆን ከድምፁ ላይ ይቀንሱ ነበር። አንድ ጊዜ በፔዳሉ በኩል፣ አንድ ጊዜ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ እየሰኩ ማወዳደር ነው። አራተኛ፣ ባትሪው። አብዛኞቹ ፔዳሎች የጊታሩ ገመድ እንደተሰካባቸው ከቆዩ፣ ባይረገጡም ድንጋዩን ይጨርሱታል። ስለዚህ ልምምድ ሲያበቃ ገመዱን መንቀል፤ ይቺ ብቻ በዓመት ስንት ሻይ እንደምታተርፍ አስቡ።

በነዚህ ነጥቦች ተመርተን ለክበቡ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስም የለሽ አዲስ ዕቃ አንግዛ። ስሙ የታወቀ፣ ግን ያገለገለ እንግዛ፤ ቢንጣጣ እንኳ በዋጋው ላይ ተከራክረን ፖቴንሺዮሜትሩን እናስለውጣለን። ስንሄድ የራሳችንን ጊታር ይዘን፣ መፍቻ በኪሳችን ከትተን እንሂድ፤ ሻጩ ሆዱን ማየት ከከለከለን ደህና ዋል ብለን እንውጣ። ከገንዘቡ በሚተርፈው የክራሩ ክር ይቀየር። ማይክ ተገጥሞለትም ክራሩን ራሱን በዋዋው በኩል እንሞክረው፤ ማን ያውቃል?

አንድ ነገር ቀረን። ፔዳሉ ተገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚረግጠው ማን ነው? እኛ ሦስታችን ተስማምተናል። አምና በአዳራሹ ፊት የተሳቀበት ልጅ ነው። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልነበረ ጋሼ ሆዱን ከፍተው አሳይተውናል፤ የተበላው ጥርስ አሁንም በክበቡ መሳቢያ ውስጥ አለ። ያን ዕለት ከሳቁት መካከል እኛም ነበርንበት። ይህን ጽሑፍ ካነበበው ይስማን፤ ወንበሩ እስካሁን አልተያዘም፤ ልምምዱም እንደ ወትሮው ዐርብ ማታ ነው።